የፍሬን ዘይቱ የጨመረ ዕለት

የፍሬን ዘይት ጣሳዋ ያለችው የመኪናው ኮፈን ሲነሣ ከሹፌሩ ፊት ለፊት፣ ሞተሩን ከወንበሩ በሚለየው የብረት ግድግዳ ላይ ነው። ትንሽ ናት፤ ለማያውቃት ሰው በሽቦውና በቱቦው መካከል የተረሳች የበርበሬ ጣሳ ትመስላለች። መጀመሪያ ክዳኗን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ አቧራው አብሮ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ማዞር። ጣት አይነከርባትም። ዘይቱ ከአፏ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ከተኛ መኪናው ይሄዳል። ከዚያ ከወረደ አይሄድም። ይህን ያወቅሁት ሹፌር ሆኜ አይደለም፤ መኪና ነድቼ አላውቅም። ያወቅሁት ፈርቼ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ባለቤቴ ከቢቸና ሞጣ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስበት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረው። ሹፌርነትንም መካኒክነትንም የተማረው መንገድ ሲሠራ ከሠራተኞቹ ጋር ውሎ ነው። እኔ የተማርኩት ሦስተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ከዚያ ተዳርኩ። በመኪናው ላይ የተጻፈው ሁሉ የፈረንጅ ፊደል ስለነበር ለእኔ ጽሕፈቱ ያው እንደ ጭረት ነበር። ባለቤቴ ሲሄድ ደጅ ቆሜ እሸኘዋለሁ፤ ሲመለስ ድምፁን ከሩቅ ለይቼ ውሃ አስቀምጥለታለሁ። ከዚያ በላይ ከመኪናው ጋር ጉዳይ አልነበረኝም።

ጉዳይ የሆነብኝ ትልቋ ልጄ ገና ጭኔ ላይ የምትቀመጥ ሕፃን ሳለች ነው። ሞጣ አማቴን ጠይቀን ስንመለስ፣ ጉንደ ወይንን አልፈን ወደ አንዱ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ባለቤቴ ዝም አለ። ቀደም ሲል እያወራ ነበር። እግሩን አየሁት፤ ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ ፔዳሉ ግን ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር እስከ ታች ይሰምጣል። ማርሹን አወረደ፤ መኪናው ጮኸ። «ልጅቷን እቀፊ» አለኝ። መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ጠምዝዞ የመኪናውን ጎን ከተቆረጠው አፈር ጋር እያፋተገ አስጠጋውና ቆመ። ከኋላ የጫነው ነጭ ሽንኩርት መንገዱ ላይ ተበተነ። ማንም አልተጎዳም።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ጣሳዋ ባዶ ነበረች። ወደ ጎማው የሚሄደው ቱቦ ድንጋይ መትቶት ኖሮ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ አልቋል።

ቤት ከገባን በኋላ «አሳየኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ያችን ጣሳ። ልጄን ይዛት የምትሄደውን።»

ሳቀብኝ፤ ግን አሳየኝ። ዘይቱ ጠጅ መሰል ቀለም ነበረው፤ ጥርት ያለ። አንዲት ጠብታ ኮፈኑ ላይ ቢወድቅ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጥና ይነሣል። «ይሄ ዘይት በከንቱ አይጎድልም» አለኝ። «ከጎደለ የሄደበት አለ። የሄደበትን ሳታገኚ ብትሞዪው ዋጋ የለውም። ከጎማዎቹ ጀርባ እርጥብ ነገር ፈልጊ።» ከዚያ በኋላ ላንድሮቨሩ ከግቢያችን በሚነሣበት ጠዋት ሁሉ ጨርቄን ይዤ እወጣለሁ። ጎረቤቶች ሲያዩኝ «ደግሞ ክዳን ልትከፍት ወጣች» ይላሉ። ባለቤቴም መጀመሪያ ደስ አላለው። ሰው ፊት ሚስቱ ሞተር ውስጥ አንገቷን ስታስገባ ማን ደስ ይለዋል? ኋላ ግን ለመደና ኮፈኑን ራሱ እያነሣ ይጠብቀኝ ጀመር። እኔ ሳላይ ቢነሣ ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ እንደማይዝ አውቋል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ዘይቱ አንዳንዴ ዝቅ ይላል፤ እናገራለሁ፤ ባለቤቴ ያንጎራጉርና ይፈልጋል፤ ያገኛል። ዘይቱ ከፍ ብሎ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ልጄ አደገች። አንድ ክረምት መንገዱ ሳይዘጋ በፊት አማቴ ከሞጣ መጡና እኛ ዘንድ ከረሙ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጅቷን ስጡኝ አሉ። «ሞጣም ትምህርት ቤት አለ። እኔ ዘንድ ሆና ትማር። ቤቱ ድምፅ ያጣ ሆኗል» አሉ። ባለቤቴ ለእናቱ እምቢ አይልም። እኔም በአፌ እሺ አልኩ። በሆዴ ግን እሺ አላልኩም። ልጅቷ ገና ፀጉሯን ራሷ መሥራት አትችልም ነበር። ደግሞም ያ ቁልቁለት አለ። ስትሄድ አንድ ቁልቁለት፣ ለበዓል ስትመጣ አንድ፣ ስትመለስ ሌላ። ልብሷን ባጠብኩ ቁጥር አንድ ሰበብ አገኛለሁ። አንድ ቀን አሳላት አልኩ፤ ሌላ ቀን ጫማዋ ጠበባት።

አማቴ በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ላይ ይቀመጡና ያዩኛል። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ምን ታያለሽ እዚያ ውስጥ?»

«ፍሬኑን ነው እማማ።»

«ፍሬን ማለት የሚያቆመው ነው?»

«አዎ። ነፍሱ እዚህች ጣሳ ውስጥ ናት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ከሞጣ ጊዮርጊስ ያመጡት ጸበል ነበራቸው፤ አንገቷ ቀጭን በሆነች ጠርሙስ። ልጆቹ ሲነሡ ፊታቸው ላይ እፍ ይሉላቸዋል፤ ራሱን ያመመው ካለ ጉንጭ ታህል ያቀምሱታል። በጣም ይቆጥቡት ነበር። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ብትወድቅ በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጓታል።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ደረቀና መሄጃው ደረሰ። በዚያ ጠዋት ላንድሮቨሩ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። አማቴ ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር ላይ ማልደው ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ልጄ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አጠገባቸው ናት። ከኋላ አንድ የጨው ነጋዴና ለመሬት ክስ ቢቸና አውራጃ ፍርድ ቤት መጥተው የሚመለሱ የሞጣ ቄስ ገብተዋል። ባለቤቴ ጣሪያው ላይ ያለውን ጆንያ በገመድ ያስራል። እኔ ጨርቄን ይዤ መጣሁ፤ ክዳኗን ጠረግሁ፤ አዞርኩ።

ዘይቱ እስከ አፏ ጢም ብሏል።

ትናንት ከሰዓት ቤንዚን ሲቀዳ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ነበር። ከፍ ማለት ያውቃል እንዴ ብዬ አሰብኩ። ጎህ ሲቀድ ቀዝቅዞ ነው? ቀዝቅዞ ይሰበሰባል እንጂ ምን ያሳብጠዋል?

«ዘይት ጨምረውበት ነበር?» አልኩት ባለቤቴን። ቤት ውስጥ አንተ እለዋለሁ፤ ሰው ፊት ግን እርስዎ ነበር የምለው።

«አልጨመርኩም። ምነው፣ ጎደለ?»

«አልጎደለም። ጨምሯል።»

«ምን አልሽ?»

«ጨምሯል ነው የምልዎ። ሊፈስ ደርሷል።»

ገመዱን ለቆ ሳቀ። «ሰማችሁ? እስከ ዛሬ ጎደለ እያለች ታስጨንቀኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሞላ ብላ ልታስቀረኝ ነው።»

የጨው ነጋዴው ከኋላ አንገቱን አወጣ። «እሜቴ፣ ሳይቀዱበት የሚሞላ ጣሳ ካለዎትማ ለእኛም ያበድሩን! ሚስቴ ገበያ መውጣት ትተዋለች።»

ሁሉም ሳቁ። አማቴ አልሳቁም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ባለቤቴ ከጣሪያው ወረደና ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷን ላለመስጠት ነው አይደል? ሳል አልሽ፣ ጫማ አልሽ። አሁን ፍሬን። እናቴ ተሰናድተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አታሳፍሪኝ።»

ይህን ሲለኝ ራሴን ጠረጠርኩ። እውነት እንዳትሄድ ፈልጌ ነበር። ዐይኔ የፈለገውን ነው የሚያሳየኝ? ወደ ጣሳዋ ተመለስኩ። ከአጥሩ ሥር አንድ የሰንበሌጥ ዘንግ ቀጥፌ በቀሚሴ ጠረግሁና ጫፉን ነከርኩ። አውጥቼ ሁለቱን ጣቶቼን አሸሁበት። የፍሬን ዘይት ያሟልጫል፤ ጣትና ጣት አይያያዙም። ይኸኛው ግን ቀጥኗል። ወደ ቤት ገባሁና እህል ማስቀመጫው አጠገብ የምናኖረውን አዲሱን ጣሳ ከፈትኩ፤ ከእሱም በሌላ ዘንግ ጫፍ ነካሁ። አንድ አይደሉም።

ስወጣ ባለቤቴ ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን ዘርግቷል። ዕጣን ይዞ ቅድስት እንደሚገባ ሰው ሁለቱን ዘንጎች ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«ሌላ ነገር ገብቶበታል።»

«እባክሽ ዞር በይ፣ ገበያው ያመልጠናል።»

«አልዞርም። አንተ! ልጄ ናት እኮ የምትገባበት!»

ሰው ፊት አንተ አልኩት። ነጋዴው እንኳ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ፤ እጁ ኮፈኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከወንበሩ ላይ የአማቴ ድምፅ መጣ።

«ተዋት። እኔ ነኝ።»

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ፊት ለፊት መንገድ መንገዱን ነው የሚያዩት።

«ጸበል ነው» አሉ። «ማለዳ እናንተ ሳትነሡ ጨመርኩበት። ምንም አይደል፣ የጊዮርጊስ ነው።»

የጊዮርጊስን ጸበል ጎጂ ነው ብሎ ማን ይናገር? እኔ ዘንጎቹን ከጀርባዬ ደበቅሁ። ባለቤቴ ወደ ቄሱ አየ፤ ቄሱ ወደ ባለቤቴ አዩ።

«እናቴ» አለ ባለቤቴ በመጨረሻ፤ ቃሉን እየመረጠ። «ቁልቁለት ሲወረድ ፍሬኑ ይግላል። እንደ ምጣድ ይግላል። ዘይቱ ያን ሙቀት ይችለዋል። ውሃ ግን ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እኔ የምረግጠው ያኔ ዘይት አይደለም፤ እንፋሎት ነው። እግሬ ይሰምጣል።»

«ጸበል ነው እንጂ ውሃ መች ነው» አሉ አማቴ። ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር።

ያኔ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመት፣ ጸበሉ በረከቱ ከሰው ጋር ነው። እርስዎ ያሰቡትን ቅዱስ ጊዮርጊስ ያውቀዋል፤ ቁልቁለት ላይ አፍልታችሁ አምጡልኝ አላለም።» ነጋዴው ሊስቅ ሲል አፉን በእጁ ያዘ። ቄሱ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ዘይቱን ለውጥ። ነገር ግን መሬት ላይ እንዳታፈሰው። ጸበል ያለበት ነገር እግር በሚረግጠው ቦታ ላይ አይደፋም።»

ባለቤቴ የፍሬን ዘይት ሲለውጥ ልማዱ ከየጎማው ጀርባ ብሎኑን ፈታ አድርጎ አሮጌውን አፈር ላይ መልቀቅ ነበር። አሁን በየጎማው ሥር ተጋድሞ እያንዳንዷን ጠብታ በዕቃ መቀበል ሊኖርበት ነው። ኮቱን አወለቀ። እኔ ከጓዳ ንጹሕ ማሰሮ አመጣሁለት። ነጋዴውና ቄሱ ወርደው ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ልጄም ወርዳ ለጎማው መደገፊያ ድንጋይ ትፈልግ ጀመር። አማቴ ግን ውረዱ ብንላቸው አልወርድም አሉ። መውረድ ማፈር መሰላቸው።

ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። «ነይ፣ ግቢ» አለኝ ባለቤቴ ከጎማው ሥር ሆኖ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሪ ኋላ ተቀመጥኩ፤ አማቴ ከጎኔ።

«ርገጪ!» ይላል ከታች። እረግጣለሁ፤ ይሰምጣል። «ያዢ!» እይዛለሁ። ማሰሮው ውስጥ ጭርር ሲል ይሰማል። «ልቀቂ!» እለቃለሁ። አንድ ጎማ አለቀና ጣሳዋን በአዲሱ ዘይት ሞልቶ ወደ ሌላው ዞረ።

አማቴ መንገዱን እያዩ ነበር። «አንቺ ነፍሱ እዚህ ናት አልሽኝ» አሉ።

«ብያለሁ እማማ።»

«መኪናው ውሃ ሲጠጣም አይቻለሁ። ልጄ በፊቱ በኩል በጣሳ ሲያጠጣው።»

«እሱ ራዲያተሩ ነው። ያኛው ይጠጣል። ይኸኛው አይጠጣም።»

«ርገጪ!»

ረገጥኩ።

«እንድትቀር የፈለግሽ መስሎኝ ነበር» አሉ አማቴ። «ሰበብ ያገኘሽ።»

«ፈልጌ ነበር። ግን ይኸ ሌላ ነው።»

እሳቸውም ጠርሙሷን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ፤ ባዶ ነበረች። ያን ሁሉ ሲቆጥቡት የነበረውን እዚያች ጣሳ ውስጥ አንጠፍጥፈው ጨርሰውታል።

«እኔ ስመጣ ያን ቁልቁለት ዐይኔን ጨፍኜ ነው የወረድኩት» አሉ። «ለራሴ ምን ገደደኝ። አሁን ግን ይህችን ልጅ ይዤ ነው። ልጅ ይዞ ዐይን አይጨፈንም። አንቺ ጠዋት ጠዋት ታያለሽ፤ እኔ ማየት አልችልበትም፤ የምችለውን አደረግሁ።»

«ልቀቂ!» አለ ባለቤቴ። አልሰማሁትም። «ልቀቂ አልኩሽ እኮ! ምን ሆናችኋል እላይ?»

ነጋዴው ከጥላው ሥር ጮኸ፤ «ሁለት ሹፌር ሲሰየምበት እንዲህ ነው!» አማቴ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ፈታ አለ።

የመጨረሻው ጎማ ሲያልቅ አዲሱ ዘይት ጥርት ብሎ ወረደ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሲለወጥ ተሰማኝ፤ መጀመሪያ እንደ ቦካ ሊጥ የነበረው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብጫነው አልወርድም አለ። ባለቤቴ ተነሥቶ በራሱ እግር ሞከረና «ይኸ ነው» አለ፤ ወደ እኔ ግን አላየም። ሰው ፊት አንተ ብዬ የጠራሁት ገና ከሆዱ አልወጣም ነበር። ሄጄ ውሃ አስታጠብኩት፤ «እርስዎ፣ እጅዎን» አልኩት። ያን ጊዜ ነው የሳቀው።

ማሰሮውን ቄሱ በነጠላቸው ሸፍነው አጠገባችን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይዘው ሄዱ፤ ከአጥሩ ጥግ እግር የማይደርስበት ቦታ አለ፣ እዚያ አፈሰሱት። ከሳምንታት በኋላ ሳልፍ አየሁት፤ ዙሪያው ለምልሞ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ሣሩ ደርቋል። ለአማቴ አልነገርኳቸውም።

መኪናው ሊነሣ ሲል አማቴ ከወንበሩ ወረዱ። ሁላችንም ሐሳባቸውን የለወጡ መሰለን። እያዘገሙ ወደ ኮፈኑ መጡና «ክፈቺው» አሉኝ። ከፈትኩ። ብረቱን ተደግፈው አጎንብሰው አዩ፤ ዐይናቸው ስለደከመ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የራሳቸውን ጣት ከጣሳዋ አፍ ውጭ በኩል አጋድመው ለኩ።

«አንድ ጣት» አሉ።

«አንድ ጣት ነው እማማ።»

«ከዚህ ቢወርድም አይሆንም፣ ቢወጣም አይሆንም።»

«አዎ።»

ልጄን ጠሯትና እሷም አጎንብሳ እንድታይ አደረጓት። እኔ ጨርቄን ለሁለት ቀደድኩና ግማሹን ለልጄ ሰጠኋት። ሳምኳት፤ ገባች፤ መኪናው ወጣ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆምኩ። ሰበብ አልቀረኝም ነበር።

ባለቤቴ በማግሥቱ ሲመለስ ነገረኝ። ከቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርሱ አማቴ አቁም ብለው አስቁመውታል፤ ኮፈኑን አስነሥተው ልጅቷን አሳይተዋታል፤ እንደገና ገብተዋል። ሲወርዱ ዐይናቸውን አልጨፈኑም። የልጅቷን እጅ ይዘው እስከ ወንዙ ድረስ አይተዋል።

ከዚያ በኋላ ላንድሮቨሩ ከቢቸና ሲነሣ እኔ አያለሁ፤ ከሞጣ ሊመለስ ሲል ልጄ ጨርቋን ይዛ ትወጣለች፤ አማቴ ደጅ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ደብዳቤ መጻጻፍ አልለመድንም፤ እኔ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ እሷም ገና ልጅ ናት። ባለቤቴ ግን በተመለሰ ቁጥር ገና ከመኪናው ሳይወርድ እጠይቀዋለሁ፤ ልጄ ምን አለች? እሱም ደክሞት፣ አቧራ ለብሶ፣ አንድ ጣቱን በመስኮቱ በኩል አግድሞ ያሳየኛል።

ያን ጊዜ ውሃ ላስቀምጥለት ወደ ቤት እገባለሁ።